በአዋጅ የማይሻሩ ሕጎች

ስለ ሰበታ፣ ስለ ቡራዩና ስለ ሱሉልታ ባለፉት ዓመታት ያልተባለ ነገር የለም። አዲስ አበባን የከበቡት እነዚህ ከተሞች «የጋራ ማስተር ፕላን» በተባለው ሰነድ ሳቢያ በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. የአገር መነጋገሪያ ሆኑ፤ በተነሣው ተቃውሞ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ ሰነዱም በጥር 2008 ዓ.ም. ቀርቷል ተባለ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከሌሎች አቻዎቻቸው ጋር «ሸገር ከተማ» በሚል አንድ ስም ተጠቃለሉ። የማን ናቸው? ወሰናቸው የት ነው? ግብራቸው ለማን ይገባል? በሚሉት ጥያቄዎች ላይ የፈሰሰው ቀለም ተሰፍሮ አያልቅም። እኔም በእነዚህ ጉዳዮች የራሴ አቋም አለኝ። ዛሬ ግን ከዚያ ሁሉ ክርክር ሥር ስላሉ፣ የትኛውም ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ሊያሻሽላቸው ስለማይችል ሌሎች ሕጎች ልጽፍ ተነሥቻለሁ። እነዚህም የተፈጥሮ ሕጎች ናቸው።

በተማሩ ሰዎች መካከል የተለመደ አንድ አነጋገር አለ። በሕግ፣ በታሪክ ወይም በሥነ ጽሑፍ የተመረቀው ወዳጃችን «እኔና ፊዚክስ አንተዋወቅም» ይላል። ይህን የሚለው እያፈረ ሳይሆን ፈገግ እያለ ነው። ይኸው ሰው ሕገ መንግሥቱን ከፍቼ አላውቅም፣ ዓድዋ የት እንደሚገኝ አልሰማሁም ለማለት ግን ይሸማቀቃል። ለመሆኑ ውኃ ለምን እንደሚፈላ፣ መብራት ከምን እንደሚመጣ፣ የጣልነው ቆሻሻ ወዴት እንደሚሄድ አለማወቅ እንደ ጨዋነት መቆጠር የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?

እኔ የሳይንስ ባለሙያ አይደለሁም። መጽሐፍ ገልጬ፣ የገባኝን ይዤ፣ ያልገባኝን ለሚያውቅ ሰው የምጠይቅ አንድ ተራ ዜጋ ነኝ። በእኔ እምነት ግን መሠረታዊ የሳይንስ ሐሳቦች የባለሙያ የግል ርስት አይደሉም። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ለመረዳትም የሚጠይቁት ትዕግሥትና የአራቱን መደብ ሒሳብ ብቻ ነው። እነርሱን የያዘ ዜጋ መንግሥት ሲናገር፣ ነጋዴ ሲያስተዋውቅ፣ አዋቂ ነኝ ባይ ሲያስፈራራ፣ የሚጠይቀውን ጥያቄ ያውቃል። ያልያዘ ዜጋ ግን ወይ ያጨበጭባል፣ ወይ ያማል። ለዚህ አባባሌ ምስክር ይሆኑኝ ዘንድ ከሦስቱ ከተሞች አንዳንድ ሐሳብ ልዋስ።

ሱሉልታ፦ አየር ይመዝናል

በጎጃም በር ወጥቶ፣ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ሜዳ የወረደ ሰው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይቆማል። በዚያ ሜዳ በማለዳ አትሌቶች ሲሮጡ ይታያሉ። ለምን እዚያ ድረስ ይሄዳሉ? ቢባል «ኦክስጅን ስለሚያንስ» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ መልስ ግማሹን ብቻ የያዘ ነው። በጂቡቲ ባሕር ዳርቻም ሆነ በሱሉልታ ሜዳ፣ ከአየሩ መካከል የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። ያነሰው የአየሩ ጠቅላላ ግፊት ነው።

መሠረታዊው ሐሳብ እንዲህ ነው። የምንኖረው በአየር ባሕር ወለል ላይ ነው፤ አየር ደግሞ ክብደት አለው። በባሕር ጠረፍ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነች መሬት ላይ የተቆለለው አየር እስከ ሰማይ ጫፍ ድረስ ቢመዘን 10 ቶን ያህል ይሆናል። ሱሉልታ ላይ ግን 2,700 ሜትር የሚሆነው የአየር ድርብ ከእግራችን በታች ስለቀረ፣ ከላያችን ያለው ወደ 7 ቶን ተኩል ግድም ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ይህን ለማረጋገጥ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1648 የእኅቱን ባል የሜርኩሪ ብልቃጥ አሲዞ ፑይ ደ ዶም ወደተባለ ተራራ ላከው። አማቹ ተራራውን ሲወጣ የሜርኩሪው ቁመት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አለ። ተራራው ላይ የሚጫነው አየር ቀንሷልና። መራቀቅም፣ ውድ መሣሪያም አላስፈለገም፤ ያስፈለገው ትክክለኛውን ጥያቄ ማንሣት ብቻ ነበር።

ይህች ሐሳብ ከአትሌቱ ሳንባ ተነሥታ ማድ ቤት ትገባለች። ውኃ የሚፈላው እንፋሎቱ የሚገፋበት ጉልበት ከላይ ከሚጫነው አየር ጋር ሲተካከል ነው። የሚጫነው አየር ከሳሳ ውኃው ቀደም ብሎ ይፈላል። በጂቡቲ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ ሱሉልታ ላይ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የሱሉልታ ባቄላና ሽንብራ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ መፈለጉ የእህሉ ክፋት አይደለም። ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቢቆሰቁሱት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከ91 ዲግሪ አያልፍም። ይህን ያወቀች እናት ድስቱ እንደፈላ እሳቱን ትቀንሳለች፣ ክዳኑን ትገጥማለች፤ የከሰል ወጪዋም ይቀንሳል። እንፋሎቱን አፍኖ የሚይዘው ድስት በቶሎ የሚያበስለውም በውስጡ የጠረፉን ግፊት፣ ከዚያም አልፎ የበለጠውን ስለሚመልስላት ነው።

ነገሩ ከወጪም ያልፋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የመጠጥ ውኃን አፍልቶ ለማከም በዝቅተኛ ቦታ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ ግን 3 ደቂቃ እንዲንተከተክ ይመክራል። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ከዚያ ከፍታ በላይ ናቸው፤ አዲስ አበባም እንዲሁ። የቧንቧ ውኃ አጠራጣሪ በሆነበት ክረምት ይህች የሁለት ደቂቃ ልዩነት የሕፃን ጤና ልትሆን ትችላለች። ምክሩን በቃል መያዝ ይቻላል፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው ግን አይረሳውም፣ ለጎረቤቱም ያስረዳል።

ቡራዩ፦ ውኃ የሚከፍለው ከከፍታው ነው

በአምቦ መንገድ ቡራዩን አለፍ ሲሉ የገፈርሳ ግድብ ይገኛል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አዲስ አበባን ውኃ ሲያጠጣ ኖሯል። ውኃው ወደ ከተማዋ የሚወርደው ከእርሷ ከፍ ብሎ የተቀመጠ በመሆኑ ነው። በዚያው በግድቡ አካባቢ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ወረፋ ሲጠብቅ ያየ ሰው «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት ማስታወሱ አይቀርም። የወረፋው ምክንያት ብዙ ነው፤ አስተዳደርም በጀትም አለበት። ሆኖም ከሁሉ በፊት አንድ የተፈጥሮ ሕግ አለ፤ ውኃ በራሱ የሚወርደው ቁልቁል ብቻ ነው፣ ሽቅብ እንዲሄድ ከተፈለገ አንድ ሰው ዋጋውን መክፈል አለበት።

በየጣሪያው ላይ ያለችውን ሮቶ እንመልከት። ሮቶዋን ከፍ የምናደርጋት ከፍታ ግፊት ስለሚሆን ነው። አሥር ሜትር ቁመት ያለው ውኃ የሚገፋበት ጉልበት በባሕር ጠረፍ ካለው የአየር ግፊት ጋር ይተካከላል። ሮቶዋ እንድትሞላ ግን ፓምፑ መሥራት አለበት፤ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ውኃም የሚጠፋው ለዚህ ነው። ፓምፑ ለውኃው የሰጠውን ጉልበት ውኃው በከፍታው ላይ አስቀምጦ ይይዘዋል፤ ሲወርድ ይመልሰዋል፤ ከሰጡት በላይ ግን አይመልስም። ይህ ሕግ በእንግሊዝኛው አጠራር የኢነርጂ አለመጥፋት ሕግ ይባላል። ኢነርጂ ከምንም አይፈጠርም፣ ወደ ምንም አይጠፋም፤ መልኩን ብቻ ይቀይራል።

ሮቶዋን የተረዳ ሰው የዓባይን ግድብ ተረድቷል ማለት ነው። እስቲ እርሳስና ወረቀት ይዘን እናስላ። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በታላቁ ሕዳሴ ግድብ ውኃው የሚወድቅበትን ከፍታ በግርድፉ 130 ሜትር እንበል። 1,000ን በ9.8 እና በ130 ስናባዛ 1,274,000 ጁል እናገኛለን። ቆጣሪያችን የሚቆጥረው አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3,600,000 ጁል ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ቢበዛ 0.35 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ዓባይ በዓመት በአማካይ ወደ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይዞ በዚያ ያልፋል። ቢባዛ 17 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይመጣል፤ በመሣሪያዎች የሚባክነውን አንድ አሥረኛ ብንቀንስ ከ15 ቢሊዮን ተኩል ጥቂት ከፍ ይላል። ስለ ግድቡ ዓመታዊ ምርት በይፋ ሲነገር የኖረው ቁጥርም ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ነው። አንድ ጊጋዋት ሰዓት አንድ ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ነውና፣ በአንድ ገጽ ወረቀት የደረስንበት ውጤት ከመሐንዲሶቹ ጋር ተገናኘ ማለት ነው!

አሁን ወደ ፖለቲካው እንመለስ። ግድቡ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል 5,250 ሜጋዋት ተባለ። ቆይቶ 6,000 ሆነ፤ ከዚያ 6,450 ተባለ፤ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ደግሞ 5,150 ነበር። ቁጥሩ ከፍ ሲል አጨበጨብን፤ ዝቅ ሲል አንዳንዱ «ተሰረቅን» አለ። ሁለቱም ወገን ያልጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ የወንዙ ውኃ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ውኃውና ከፍታው ያው ከሆነ የዓመቱ ምርት ተርባይን በመጨመር ብቻ እጥፍ ሊሆን አይችልም። ሜጋዋት የቧንቧው ስፋት ነው፤ ሜጋዋት ሰዓት በጀሪካኑ የተጠራቀመው ውኃ ነው። ሰፊ ቧንቧ ጀሪካኑን ቶሎ ይሞላል እንጂ የጉድጓዱን ውኃ አያበዛም። 15 ቢሊዮን ተኩል ኪሎዋት ሰዓቱን ለዓመቱ 8,760 ሰዓታት ብናካፍለው አማካዩ 1,800 ሜጋዋት እንኳ አይሞላም፤ ከተተከለው አቅም አንድ ሦስተኛው ነው።

ይህን በሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ፕሮፌሰር የሆኑት አስፋው በየነ ከዓመታት በፊት አንሥተው፣ ለወንዙ ፍሰት የተመደበው ተርባይን ከልክ በላይ ነው ብለው ተከራክረዋል። ከእርሳቸው ጋር አለመስማማት ይቻላል፤ ብዙ ተርባይን መትከል ሰው ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት በአንድ ጊዜ ብዙ መብራት ለመስጠት ይጠቅማል የሚል መልስ አለና። መልሱ ክብደት አለው። የሚያሳዝነው ግን በዚያን ጊዜ የነበረው ድባብ ነው። ቁጥር የጠየቀ ሁሉ የግድቡ ጠላት፣ የግብፅ ተላላኪ ተደርጎ ይታይ ነበር። ማባዛትና ማካፈል ክህደት የሆነበት አገር እንዴት ያለ አገር ነው? እኔ ግድቡን እወደዋለሁ፤ ቦንድ ገዝተው፣ ከደመወዛቸው ቀንሰው የገነቡት ሕዝቦች ኩራት ነው። የከፈለ ሰው ደግሞ ምን እንደገዛ የማወቅ መብት አለው።

ለማነጻጸሪያ ይሆን ዘንድ ወደ ቤታችን ልመልሰው። የእንጀራ ምጣድ ወደ 3 ተኩል ኪሎዋት ይወስዳል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቢጣድ፣ በዚያ ግድብ ወደ 11 ሜትር ኩብ ውኃ ከ130 ሜትር መውደቅ አለበት፤ ይህም 550 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። ይህን ያወቀ ሰው መብራት በነጻ ከሰማይ የሚወርድ እንዳልሆነ ይገነዘባል። ያለ ነዳጅ፣ ያለ ፀሐይ፣ ያለ ውኃ ራሱን በራሱ እያንቀሳቀሰ መብራት የሚያመነጭ መሣሪያ ፈጠርኩ የሚል ሰው በመገናኛ ብዙኃን ሲቀርብለትም፣ ከማጨብጨቡ በፊት «ጉልበቱ ከየት መጣ?» ይላል።

ሰበታ፦ ወዲያ የሚባል ቦታ የለም

ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት። ወደ ጂቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሣው ከእርሷ ነው፤ የአገሪቱ የዓሣና የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘውም በዚያው ነው። የዓሣ ምርምርና የፋብሪካ ፍሳሽ በአንድ ከተማ መገናኘታቸው ራሱ ትምህርት ነው። ፋብሪካ ሁሉ በካይ ነው አላልኩም፤ ሥራ የሰጡን እነርሱ ናቸው። ነገር ግን «ፍሳሹ ወደ ወንዝ ገባ፣ ሄደ» በሚለው አነጋገር ውስጥ አንድ ትልቅ ቅዠት ተደብቋል። ወዴት ሄደ?

ፈረንሳዊው አንቷን ላቯዚዬ በሚዛን ብቻ አንድ ትልቅ ነገር አስተማረ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ነገሮች ቢቃጠሉ፣ ቢዛጉ፣ ቢቀላቀሉም ጠቅላላ ክብደታቸው አይለወጥም። አንድ ማዳበሪያ ከሰል ነድዶ አንድ እፍኝ አመድ ሲቀር የጠፋ ይመስለናል፤ አልጠፋም። እያንዳንዱ ኪሎ ካርቦን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ከ3 ኪሎ ተኩል በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አየሩ በቂ ካልሆነ ደግሞ ሽታ የሌለው፣ ዓይን የማያየው፣ ተኝቶ ያደረን ሰው የሚገድል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። በር ዘግቶ ከሰል እያሞቁ መተኛት ስንት ቤት እንደዘጋ ሁላችንም እናውቃለን። ጭሱ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ የላቯዚዬ ሚዛን የሚነግረን ይህን ነው።

ይህን ይዘን ካርታ እንመልከት። የእንጦጦ ተራራ የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። በሰሜን በኩል ሱሉልታ ላይ የወረደው ዝናብ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ገብቶ እስከ ሜዲትራኒያን ይጓዛል። በደቡብ በኩል በቡራዩ፣ በአዲስ አበባና በሰበታ የወረደው ደግሞ መጨረሻው አዋሽ ነው። አዋሽ ባሕር አይደርስም። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በአፋር ምድር፣ በጂቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ከዚያ ውኃው የሚወጣበት በር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ትነት ነው። ውኃው ይተናል፤ የሟሟበት ነገር ግን አብሮት አይተንም። የጨው ውኃ በብረት ድስት ቢያፈሉት ጨው እንደሚቀር ማለት ነው።

እንግዲህ በአቃቂና በአዋሽ ገባሮች ላይ የምንጥለው ክሮሚየም፣ እርሳስና ሌላውም ብረት ወዴት ይሄዳል? ከፊሉ በደለል ውስጥ ይቀራል፤ ከፊሉ በመስኖ ወደ ጎመኑና ወደ ሰላጣው ይገባል፤ ከፊሉ ወደ ቆቃና ወደ ታች ወዳሉት አርሶና አርብቶ አደሮች ይወርዳል። በአቃቂ ወንዝ ዳር በሚለማው አትክልት ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ብረት ደግሞ እንደ ፍግ አይበሰብስም። በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የውኃ መብራት ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል በደለልና በእምቦጭ ተጨናንቆ ለአሥርት ዓመታት ሥራ ፈትቶ የኖረውም ከላይ የተጣለው ሁሉ ከታች ስለሚገኝ ነው። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን ይከለክላል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕ አካባቢ መብት ነው ይላል። የሰው ሕግ ሳይፈጸም ሊቀር ይችላል፤ የላቯዚዬ ሕግ ግን ሁልጊዜ ይፈጸማል።

ይህ ሕግ በሰው ሕይወት የተመሰከረበትን ቀን አንርሳ። በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከቆሼ ወደ ሰንዳፋ እንዲዛወር ተደረገ። በሰንዳፋ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ሽታውንና ፍሳሹን አንችልም ብለው ተነሡ፤ ቦታውም ወራት ሳይቆይ በዚያው ዓመት ክረምት ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። ስለ ጥፋተኛው ብዙ ተባለ፤ መባልም ነበረበት። ከሁሉ ሥር ያለው እውነት ግን ይህ ነው፤ የከተማው ሰው «ወዲያ ጣለው» ሲል «ወዲያ» ማለት የሌላ ሰው ደጅ ነበር። ከተማና ዙሪያው የሚጣሉት በመሬት ብቻ ቢመስለንም፣ በቆሻሻው፣ በውኃውና በጭሱም ነው። ወሰን ቢሰመርም ባይሰመርም፣ ስሙ ሸገርም ቢሆን ፊንፊኔም ቢሆን አዲስ አበባም ቢሆን፣ ያ ክምር የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ታዲያ ለምን አናውቃቸውም?

እነዚህ ሐሳቦች ከባድ አይደሉም። ታዲያ በዚህ ሁሉ ትምህርት ቤት አልፈን እንዴት ሳይገቡን ቀሩ? አንዱ ምክንያት የማስተማሪያው መንገድ ነው። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃው ሲገባ፣ ከመስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ እየሮጠ ያስረዳል፤ ተማሪው አይቶ ሳይጨርስ ጥያቄው ይመጣል፤ ጥያቄው ሳይገባው መልሱ ይታያል። የክፍሉ መምህር ማቆሚያ አልነበረውም። ቀመር ተሸመደደ፤ ሐሳቡ አልተወለደም። ዛሬ የምናየው የዚያና የብዙ ሌላ ጉድለት ድምር ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ እየተሻሻለ ነው ማለት ይቻላል፤ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት ወድቀዋል ማለትም ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ቋንቋ ነው። አማርኛችን «ኃይል» በምትል አንዲት ቃል ግፊትንም፣ የመሥራት አቅምንም፣ የሥራውን ፍጥነትም፣ ሠራዊትንም ይጠራል። በዜና «ግድቡ በዓመት ይህን ያህል ሜጋዋት ኃይል ያመነጫል» ሲባል ማንም የማይደነግጠው ለዚህ ነው፤ «ባቡሩ በዓመት 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጓዛል» እንደማለት ነውና። ቋንቋው ድሃ ሆኖ አይደለም። አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ ፀሐይንና ጨረቃን በ19 ዓመት ዑደት አስታርቀው፣ መጥቅዕና አበቅቴ ተደምረው 30 እንዲሆኑ አድርገው ጾምና በዓልን ለዘመናት አስልተዋል። ሐሳብን በራስ ቋንቋ ማስላት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ያቋረጥነው ልማድ ነው።

«ግማሽ ዕውቀት ከድንቁርና ይከፋል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ጥቂት አንብቦ ሐኪሙንና መሐንዲሱን ላስተምር ቢል አደጋ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። መሠረታዊ ሐሳቦችን ማወቅ ግድብ ለመንደፍ አያበቃም፤ ግድቡን ለነደፈው ሰው ተገቢውን ጥያቄ ለማቅረብና መልሱ መልስ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ያበቃል። ዳኛ ሐኪም ሳይሆን የሐኪም ምስክርነት ይመዝናል። ዜጋም በዚህ ረገድ ዳኛ ነው።

ሳይንስና ነጻነት ዘመዳሞች መሆናቸውን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተማሩት ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ዓመታትን በእስር አሳልፈዋል፤ የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድሬ ሳካሮቭ ስም ለሰብአዊ መብት ተሟጋቾች የሚሰጠውን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። ላቯዚዬን ደግሞ የፈረንሳይ አብዮት እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1794 አንገቱን ቆርጦታል። አብዮቱ አለፈ፤ ሚዛኑ ግን ዛሬም ያው ነው።

ስለዚህ ለሰበታ፣ ለቡራዩ፣ ለሱሉልታና ለአዲስ አበባ ነዋሪ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎችን አቀርባለሁ፦ ከየት መጣ? ወዴት ይሄዳል? ስንት ነው? አዲስ ፋብሪካ ሲመረቅ ውኃው ከየት መጣ፣ ፍሳሹስ ወዴት ይሄዳል እንበል። አዲስ የቆሻሻ ቦታ ሲታቀድ «ወዲያ» የተባለው የማን ደጅ እንደሆነ እንጠይቅ። ሜጋዋት ሲነገረን ኪሎዋት ሰዓቱን እንጠይቅ። በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ እነዚህን ሦስቱን የሚጠይቅ ሰው ፓርቲ መሆን አያስፈልገውም። ባለሥልጣኑ አዋጁን ጠቅሶ ሊያመልጥ ይችል ይሆናል፤ ውኃው፣ አየሩና ክምሩ ግን መልሳቸውን ከመስጠት አይቦዝኑም፤ ልዩነቱ መልሱን አስቀድመን በወረቀት ማየታችን ወይም በኋላ በሕይወታችን መክፈላችን ነው።